የአባቴ ብርድ ልብስና የውሻችን እከክ

ውሻችን ማከክ የጀመረ ሰሞን ግቢያችን ውስጥ ሐኪም ያልሆነ ሰው አይገኝም። አንዱ ሎሚ እሹት ይላል፤ ሌላው ጨው በጥብጣችሁ ድፉበት ይላል። የታላቅ ወንድሜ ሚስት ደግሞ ልጆቿን እየገፋች ታስገባና በሩን ትዘጋለች። ከጅራቱ ሥርና ከሆዱ በታች ፀጉሩ ረግፎ ቀይ ቆዳው ይታያል። ይሻለዋል፤ ደግሞ ይመለስበታል። ክረምት በመጣ ቁጥር ያው ነው። እኔን የሚያበግነኝ በሽታው አልነበረም። ከየት እንደሚመጣ ለመጠየቅ የሚፈልግ አንድ ሰው እንኳ መጥፋቱ ነው።

ወንድሜ ባጃጅ ነጂ ነው። አንድ ቀን ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ መጣና ውሻውን ከአንገቱ እስከ ጅራቱ ለቀለቀው።

«ለእከክ ከዚህ የተሻለ የለም። አገር በሙሉ የሚቀባው ይሄንን ነው» አለኝ።

ውሻ እንግዲህ ራሱን ይልሳል። ምሳ ሳንበላ ማስታወክ ጀመረ። ጉልበቱ ከድቶት አጥሩ ሥር ተዘረረ። ወንድሜ ላይ ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ ጮህኩበት። እሱ ግን እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ለውሻ ነው እንዲህ የምትሆኚው?» ብሎ ሄደ። አዎ፣ ለውሻ ነበር። የማይናገር ፍጥረት ላይ የመኪና ቆሻሻ ደፍቶ እንደ ውለታ መቁጠሩን እስካሁን አልረሳሁለትም።

ዘይቱን በሳሙናና በሙቅ ውሃ አስለቅቄ እንስሳት ክሊኒክ ወሰድኩት። ሐኪሟ ወገቡ ላይ ፀጉሩን ገለጥ አድርጋ አፈር የሚመስል ጥቁር ነገር አሳየችኝ። በእርጥብ ጥጥ ስትነካው ጥጡ ቀላ። ቁንጫ ጠጥቶ የጣለው ደም ነው አለችኝ።

«የሚተኛው ምን ላይ ነው?»

«ብርድ ልብስ ላይ።»

«ታጥቦ ያውቃል?»

«አያውቅም» አልኩ። መርፌ ወጋችው፤ ጀርባው ላይ የሚንጠባጠብ መድኃኒትም ሰጠችኝ። «ግን ይሄ ብቻውን ዋጋ የለውም» አለች። «እንቁላሉ ያለው መኝታው ላይ ነው። ብርድ ልብሱ በፈላ ውሃ ካልታጠበ፣ ወለሉ ስንጥቁ ሳይቀር ካልተጠረገ፣ መድኃኒቱም ጊዜውን ጠብቆ ካልተደገመ ተመልሰሽ ትመጪያለሽ።»

ይኼ ሁሉ ቀላል ነበር፤ ብርድ ልብሱ የአባቴ ባይሆን ኖሮ። አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ጡረታ ሲወጣ በመጨረሻ ከማሽኑ ያወረደውን ብርድ ልብስ ገዝቶ ወደ ቤት ይዞት ገባ። ውሻው ቡችላ ሳለ በውርጭ ሲንቀጠቀጥ ቢያየው ከራሱ አልጋ ላይ ገፎ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ፣ እዚያው ብርድ ልብስ ላይ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አባቴ ሬዲዮውን ያዳምጣል፤ ውሻው ያካል።

የሐኪሟን ቃል ስነግረው ሳቀ።

«ሱፍ በፈላ ውሃ አይታጠብም። ይኮማተራል፤ ሙቀቱም ይሄዳል። ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይራገፋል፣ በቃ።»

«አባዬ፣ በክረምት ፀሐይ የታለ?»

«ስለ ሱፍ ለእኔ ልትነግሪኝ ነው?»

በዚህች ከተማ ስለ ሱፍ እሱን የሚከራከረው ሰው አልነበረም፤ ብርድ ልብሱም ሳይታጠብ ቀረ። ውሻው በመርፌው ዳነ፣ እዚያው ላይ ተኛ፣ ብዙም ሳይቆይ ማከክ ጀመረ። አሁንስ ትዕግሥቴ አለቀ። ብርድ ልብሱን በግድ ልወስድ ብጎትት አባቴ ተቀመጠበት። የተከበረ ሽማግሌ እንደ ሕፃን እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠበት! ንዴቴ እንባ ሆኖ መጣብኝ።

ወንድሜ የራሱን ፍርድ የሰጠው በዚያ ሰሞን ነው። የጭነት መኪና ያለው ጓደኛው ቅዳሜ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ ውሻውን እዚያ ይጥለዋል። «ሞቃት አገር ነው፣ ሥጋ ቤቱም ብዙ ነው፤ ይሻለዋል» አለ። ሚስቱም ልክ ነው ብላ ራሷን ነቀነቀች። ያ ሁሉ ከባድ መኪና በሚተላለፍበት መንገድ ዳር፣ የሰፈሩ ውሾች ተሰብስበው በሚጠብቁት ቦታ፣ ቆዳው የተላጠ ውሻ ጥለው ይሻለዋል ይላሉ። መግደል ነው ብለው ቢናገሩ እንኳ ይህን ያህል ባልተናደድኩ።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናው በራፋችን ላይ ቆሞ ጥሩምባ ነፋ። ወንድሜ ገመድ ይዞ መጣ። ውሻው ሽርሽር የሚሄድ መስሎት ጅራቱን ቆላ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ፣ «እኔን ረግጠህ ነው የምታልፈው» ብዬ እየጮህኩ ነበር። አባቴ ሬዲዮውን አጠፋ።

«ምኑን አይተህ ነው የምትወስደው?» ብሎ ወንድሜን ጠየቀው።

«ልጆቼን እከክ ሊያስይዝብኝ ነው፣ አባዬ። ቆዳውን አታየውም?»

አባቴ ጎንበስ ብሎ ወፍራም የሱፍ ካልሲውን አወረደ፤ ሱሪውንም እስከ ጉልበቱ ሰበሰበ። እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ባቱ በቀያይ ንክሻ ተሞልቷል፤ አንዳንዱ በጥፍር ታክኮ ቆስሏል፣ አንዳንዱ ጠቁሮ ደርቋል። የዚያ ክረምት ብቻ እንዳልሆነ ያስታውቃል። የውሻውን ቆዳ ያላየ የሰፈር ሰው የለም፤ የአባቴን እግር ግን ማንም አላየም።

«እንግዲያው እኔንም ጫነኝ» አለ።

ወንድሜ ገመዱን እጁ ላይ ጠቀለለው፤ ፈታው፤ ደግሞ ጠቀለለው። ከዚያ ወጥቶ ሾፌሩን አሰናበተው። ይቅርታ የሚል ቃል ግን ካፉ አልወጣም።

እኔ ትልቁን ድስት ጣድኩ። ውሃው ሲፈላ ብርድ ልብሱን ያመጣው አባቴ ራሱ ነው። አንዴ አራገፈው፣ ጠርዙን በጣቱ ዳበሰ፣ ከዚያ በገዛ እጁ ነከረው። በዱላ ስናወጣው እንዳለው ተኮማትሮ፣ ጠጥሮ፣ ውሻውን እንኳ በቅጡ የማያስተኛ ቁራጭ ሆኖ ወጣ።

«አላልኩሽም?» አለኝ።

ስንት ክረምት እግሩን እያከከ ሬዲዮ ሲያዳምጥ የኖረ ሰው «አላልኩሽም» ይለኛል! ደሜ ፈላ። ለማለቅለቂያ ያፈላሁትን ንጹሕ ውሃ ሳፋ ላይ ገልብጬ፣ በቀዝቃዛ አብርጄ፣ ሳሙናዬን ይዤ ፊቱ ተንበረከክኩ።

«አምጣ እግርህን!» ብዬ ጮህኩበት።