ጋሽ ታምሩና ቀይዋ የሪሞት መኪና

«ስድስት መኪና እያለው በታክሲ ነበር የሚሄደው፤ እንዴት ያለ ትሁት ሰው!»

ዛሬ ለቅሶ ቤት አጠገቤ የተቀመጡ እናት ያሉት ነው። ልክ ናቸው። ስድስት መኪና ነበረው። ትልቋ ከክንዴ አትረዝምም።

ጋሽ ታምሩ ሞተ ሲሉኝ አላመንኩም። አሁንም ያመንኩ አይመስለኝም። እሁድ ዕለት ደውሎ ስለ ጎማ ግማሽ ሰዓት አውርቶኛል። ስለ መሞት ምንም አላለም።

ለማታውቁት፦ በሰማንያዎቹ መጨረሻ መካኒሳ አቦ እሱ ግቢ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ነበር። ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። ከአገር የሚወጡ ፈረንጆች ዕቃ ሲሸጡ ሰው ፍሪጅና ሶፋ ይሻማል፤ እሱ የተሰባበሩ የውድድር የሪሞት መኪኖች ለቅሞ ይመጣል። ያኔም ያረጁ ነበሩ።

አምጥቶ አይነዳቸውም። እስከ መጨረሻዋ ብሎን ይፈታቸዋል። እያንዳንዷ ጥርስ ለምን እንደዚያ እንደተሠራች ሲገለጥለት መልሶ ይገጥምና ነጭ ፕላስተር ለጥፎ «ገባኝ» ብሎ ይጽፍባታል።

«እኔ ላይ መቼ ነው የምትለጥፈው?» ትለው ነበር ባለቤቱ።

«አንቺ ገና ነሽ።»

ቀይዋ ስምንት ወር ፈጀችበት። የተሰበረ የፊት እግሯን ከፕላስቲክ መክተፊያ ቆርጦ ሠራላት። እኔን መንዳት ያስተማረኝ በእሷ ነው። ክሪስታል የምትባል ጥፍር የምታህል ዕቃ ሪሞቱ ውስጥ ከሌለች መኪናዋ ጨርሶ እንደማትታዘዝም ያኔ ነው የነገረኝ።

የእኔ ችግር ሌላ ነበር። መኪናዋ ወደ እኔ ስትመጣ ግራና ቀኙ ይገለበጥብኛል፤ ግድግዳ እመታለሁ።

«ከውጭ አትያት! ውስጧ ተቀመጥ!»

«አትበቃኝም እኮ፣ ጋሽ ታምሩ።» (አንቱ ካልኩት ሪሞቱን ይቀማኛል።)

አንድ ቀን ሰይፉ የሚባል ነጋዴ ጎረቤታችን ከዱባይ አዲስ መኪና አስመጣ። «ይቺ አሮጊት ደግሞ ትሮጣለች? ካሸነፍኳት እወስዳታለሁ» አለ።

«ውሰዳት» አለ ጋሽ ታምሩ። ከዚያ ወደ እኔ ጠቆመ። «የሚነዳት ግን እሱ ነው።»

ሰይፉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። «ኧረ ስምንት ወር የለፋህባት ናት!»

«አውቃለሁ። ውስጧ ተቀመጥ።»

ላፍቶ ሜዳ ላይ፣ ሦስት ዙር። «ባትሪ ካለቀብህ መጠባበቂያ ነው» ብሎ ጋሽ ታምሩ ሌላ ሪሞት ይዞ ከኋላዬ ቆመ። በመጨረሻው ዙር ቀይዋ አቧራዋን እያቦነነች ፊት ለፊቴ መጣች። ጣቴ ግን አልተሳሳተም። ልስልስ ብላ ታጠፈች። የሰይፉ መኪና ተገልብጣ ጎማዋን ወደ ሰማይ ታሽከረክራለች።

ጋሽ ታምሩ ወዲያው ሪሞቱን ከእጄ ወስዶ ክዳኑን በፕላስተር አሸገው። ስሜን ጻፈበት። «ታሪክ ነው። እኔ እያለሁ አይከፈትም» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆንኩ። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት፣ ሚስቴን አግቢኝ ያልኳት፣ አለቃዬን እምቢ ያልኩት በዚያች መታጠፊያ ድፍረት ነው። ልጆቼን ጠይቋቸው፤ ታሪኩን በቃላቸው ይወጡታል፣ እየሰለቻቸው።

ጋሽዬ፣ ሪሞቱን ልጅህ ዛሬ ሰጠችኝ። «ለእሱ ስጪው ብሎኛል» አለች። ፕላስተሩ አልተነካም፤ የጻፍከው ስሜ ደብዝዟል እንጂ ይነበባል። ደህና ሁን፣ መንገዱ ይቅለልህ።

ድንኳኑ በር ላይ ቆሜ ከፈትኩት። የክሪስታሏ ቦታ ባዶ ነው።