ግልገል ያጡ ድኩላዎች

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ዕለት ጠመንጃ የሚሰጡኝ መስሎኝ ነበር። ጋሽ ታደሰ ግን ዐመድ የተሞላች ትንሽ የጨርቅ ከረጢት አቀበሉኝ።

«ቆንጠር አድርገህ በትነው። ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ ሳታውቅ እግርህን አታንሳ፤ ድኩላው ሳታየው ያሸትሃል» አሉኝ።

ጋሽ ታደሰ መሪ አዳኝ ነበሩ፤ ፈቃዱም ኃላፊነቱም የእሳቸው ነው። እኔ ዱካ ፈላጊ ሆኜ ተቀጠርኩ። ከእኔ በታች ጭነት ተሸካሚዎችና አንድ ምግብ አብሳይ ነበሩ። የዘመሮ ገበሬ ልጅ ስለሆንኩ ድኩላን እስከዚያ ቀን የማውቀው ገብስ ሲበላብን ብቻ ነው።

ሥራችን ከጓሳ ሜዳ በታች ገደሉን ይዞ በሚወርደው፣ አስታ የሚባል የደጋ ቁጥቋጦ በሸፈነው ጫካ ውስጥ ነበር። ከውጭ አገር የሚመጣው ደንበኛ እንዲተኩስ የሚፈቀድለት ዕድሜው በገፋ ወንድ ላይ ብቻ ነው። ወንዱ ሲያረጅ ይጠቁራል፤ የቀንዱም ጫፍ እየተፋቀ ይዶለዱማል። ሴቷ ቀላ ያለች ናት፣ ቀንድም የላትም። እሷ አትነካም።

ደንበኛ ከመምጣቱ በፊት ቀድሜ ወርጄ ጫካውን ማየት የእኔ ድርሻ ነበር። ለብዙ ዓመታት ደስ እያለኝ ሠራሁት። ፍርሃት የያዘኝ፣ አንድ ዓመት ክረምቱ ወጥቶ ጫካው ውስጥ ግልገል ያጣሁ ጊዜ ነው።

ያን ቀን ጠዋት ድንጋይ ተደግፌ በመነጽር ስቃኝ አንዲት ሴት ድኩላ ከአስታው ወጣች። ጡቷ ወተት አግቷል። ጥቂት ትሄድና ቆማ ታዳምጣለች፤ ትመለስና አንዱን ቁጥቋጦ ታሸታለች። ግልገሏን የደበቀችበትን ቦታ ነበር የምትፈልገው። ግልገሉ አልነበረም። በሚቀጥሉት ቀናትም ያየኋቸው ሴቶች ሁሉ ብቻቸውን ነበሩ።

ሰፈር ተመልሼ ስናገር ሁሉም የየራሱን ምክንያት ሰጠኝ። ምግብ አብሳዩ «ነብር ነው» አለ። አንዱ ተሸካሚ የበልግ ዝናብ በመቅረቱ እናቶቹ ከስተው ነው አለ። እውነት ነው፣ ከስተዋል። እኔ ደግሞ አስታው ለማገዶ እየተቆረጠ እስከ ገደሉ ከንፈር መራቆቱን አይቻለሁ። ከላይ ሣሩ ስላለቀ በጎችም ወደ ጫካው መውረድ ጀምረዋል። ሁሉም ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የጨነቀኝም ይኸው ነው። ድርቅን ማን ይይዘዋል?

በኋላ ጭቃ ላይ የተበላ የግልገል እግር አገኘሁ። ዙሪያውን ኮቴ አለ። ነብር ሲራመድ ጥፍሩን ስለሚሰበስብ መሬት ላይ አይታይም። ይህኛው ጥፍሩ ይታያል፤ ውሻ ነው። በጎቹን ተከትለው የሚወርዱት ውሾች የተደበቀውን ግልገል እያገኙ ይበሉታል።

ለጋሽ ታደሰ ነገርኳቸው።

«የዘንድሮው ደንበኛ ትኬት ቆርጧል» አሉ። «እሑድ አብረን እንሂድና ባለ በጎቹ ውሾቻቸውን እንዲያስሩ እንለምናቸው።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የመንደሩ ሕዝብ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ተቀመጠ። ያየሁትን ተናገርኩ። እትዬ ብርቄ የሚባሉ፣ በበጎቻቸው የሚተዳደሩ ባልቴት ተነሡ። ትልቁ ውሻ የእሳቸው ነው።

«ቀበሮ በጌን ሲወስድ አንተ ትመጣልኛለህ?» አሉኝ።

«አልመጣም፣ እትዬ። ግን ግልገሎቹ እያለቁ ነው።»

«ይለቁ አላልኩም። እኔም የማያቸው ነገር ናቸው፣ ደጄ ድረስ ይመጣሉ። እኔ ውሻዬን ልሰር እሺ፤ እናንተ ጠመንጃችሁን የት ታስራላችሁ?»

ሕዝቡ አጉረመረመ። እኔ የምናደነው አሮጌ ወንድ ብቻ መሆኑን ላስረዳ አፌን ከፈትኩ። ሕጉም ልማዱም ከእኛ ጋር ነበር። የሴትዮዋን ፊት ሳይ ግን ተውኩት። ጋሽ ታደሰን አየኋቸው። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያዞራሉ። አደን ከሌለ ለእሳቸው ገቢ የለም፤ ለእኔም ደመወዝ የለም፤ ቤቴ ደግሞ የሚጠብቁኝ ልጆች አሉ። እምቢ እንዳይሉም እሺ እንዳይሉም እኩል ፈራሁ።

«ዘንድሮ አይተኮስም» አሉ ጋሽ ታደሰ።

ወዲያው ተነሥተው ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጡ። ከታች ሆነን እጃቸውን እያወናጨፉ ሲያወሩ አየናቸው። ሲመለሱ ፊታቸው ቀልቷል።

«ደንበኛው ተቆጣ፤ ሌላ አገር እሄዳለሁ አለ» አሉኝ። «ይሂድ።»

እትዬ ብርቄ ከማንም በፊት ውሻቸውን አሰሩ። ሕዝቡም የሚወለዱት ግልገሎች እስኪጠነክሩ፣ ሣሩ ቢያንስም በጎቹ ከላይ እንዲሰማሩ፣ ከገደሉ በታችም አስታ እንዳይቆረጥ ተስማሙ። እኔ ዓመቱን በቀን ሥራ አሳለፍኩ። ባለቤቴ «ለአውሬ ብለህ ልጆችህን» ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም።

በሚቀጥለው ዓመት ወረድኩ። ብዙ ቀን ምንም አላየሁም። ከሁሉ የከፋው ጊዜ እሱ ነበር፤ ሁሉም በከንቱ መሰለኝ። ከዚያ አንድ ጠዋት ከአንዲት ሴት ኋላ አስታው ተነቃነቀና ቀጭን ግልገል ወጣ። ወደ ሰፈር ስሮጥ ወድቄ ጉልበቴን ላጥኩ። ቆይቶም ሌሎች ታዩ፤ እንደ ድሮው ግን አልሆኑም።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። የበልጉ ነገር እስከ ዛሬ አያስተማምንም፤ ዝናቡ በዘገየ ቁጥር ሰማይ ሰማይ አያለሁ። በዚህ ሥራ ለምትሰማሩ የምለው አጭር ነው። ድኩላን የሚቀንሰው አንድ ነገር ብቻ አይደለም፤ ድርቁም፣ መጥረቢያውም፣ በጉም፣ ውሻውም፣ ጠመንጃውም አለበት። ዝናቡን ልታዙት አትችሉም። ሌላው ሰው የሚያደርሰውን ጉዳት እንዲያቆም ለመጠየቅ ስትሄዱ የራሳችሁን አስቀድማችሁ አቁሙ፤ ያለዚያ የሚሰማችሁ የለም።