አንቱታ የጎደለው እንግሊዝኛ

ሸዋአየሁ ካዛንቺስ ውስጥ ባለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ እንግዳ መቀበል ከጀመረች ስድስት ዓመት አልፏታል። በስብሰባ ሰሞን ከየአፍሪካው አገር የሚመጡ ሰዎች ክፍሎቹን ይሞሏቸዋል። እሷም ጥርት ባለ ድምፅ ‹‹ጊቭ ሚ ዩር ፓስፖርት። ሲት ሂር። ዌይት›› ትላቸዋለች። በልቧ የምትለው ግን ‹‹ፓስፖርትዎን ይስጡኝ፣ እዚህ አረፍ ይበሉ›› ነበር። አክብሮቱ አማርኛው ላይ እንደሚቀር አልጠረጠረችም።

ያወቀችውን አትሰስትም። ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ አልጋ አንጣፊዋን እጸገነትንና ጥበቃውን ጋሽ ያደታን ሰብስባ ታስተምራለች። ‹‹ቲቸር›› ሲሏት ደስታዋን መደበቅ አይሆንላትም።

በ1999 ሚያዝያ አንዲት ጸጉራቸው የሸበተ የጋና ሴት ሦስት ቀን አርፈው ሲሄዱ ቁልፉን አስረከቡና ቆም አሉ።

‹‹ልጄ፣ ያስቀየምኳችሁ ነገር አለ?›› አሏት በእንግሊዝኛ፣ ዝግ ብለው። ‹‹ከመጣሁ ጀምሮ ታዙኛላችሁ። ያቺ አልጋ የምታነጥፈው ልጅ እንኳ የክፍሌን በር ከፍታ ‹ዩ ጎ አውት› አለችኝ።››

ሸዋአየሁ ክው አለች። ‹‹ኖ፣ ኖ ማዳም›› እያለች ከመቀመጫዋ ተነሣች። ሴትዮዋ ትከሻዋን መታ መታ አድርገው ወጡ።

የማረፊያው ባለቤት ልጅ ሪሐና ዩኒቨርሲቲ ተምራለች። ሸዋአየሁ ወደ እሷ ሄደች።

‹‹እውነቱን ንገሪኝ። እንግሊዝኛዬ ይቆጣል እንዴ?››

ሪሐና ዓይኗን ሰበረች። ‹‹ማለቴ፣ ሸዋዬ… ትእዛዝ ይመስላል። ‹ኩድ ዩ ዌይት ሂር፣ ፕሊዝ› ነው የሚባለው። ‹ሜይ አይ› አለ፣ ‹ዉድ ዩ› አለ።››

‹‹ታውቂ ነበር?››

‹‹ቲቸር እያሉሽ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?››

ሸዋአየሁ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ቆለፈች። የስድስት ዓመት ፊቶች መጡባት። ፓስፖርቱን ጠረጴዛው ላይ ወርወር ያደረገላት ሰውዬ ትዝ አላት፤ ያኔ በሆዷ ‹‹ስድ›› ብላው ነበር። ከሁሉ ያቃጠላት ግን እጸገነት ናት። ያቺ ድምጿ የማይሰማ ልጅ ትልቅ ሰው ‹‹ውጪ›› ያለችው ከእሷ ተምራ ነው።

ሦስት ቀን ‹‹ራሴን አሞኛል›› እያለች ትምህርቱን አስቀረች። በአራተኛው ቀን ጠራቻቸውና እንደቆመች፣

‹‹ያስተማርኳችሁ ስሕተት ነው። ባለጌ አስመስዬአችኋለሁ›› አለች።

እጸገነት አፏን በእጇ ያዘች። ‹‹እኔ እኮ እሳቸውን… ውይ!›› እንባዋ መጣ። ጋሽ ያደታ፣ ‹‹እንግዶቹ ሳናግራቸው የሚሸሹኝ ዱላዬን ፈርተው ነበር የመሰለኝ›› አሉ። ማንም አልሳቀም። ሪሐና ከጻፈችላት ወረቀት ላይ እያነበበች አዲሶቹን ቃላት አስደገመቻቸው። እጸገነት በልማድ ‹‹ቲቸር›› ስትላት፣ ‹‹ስሜን ጥሪኝ›› አለቻት።

ሰኞ አንድ የማላዊ ሰው ሻንጣውን እየጎተተ ገባ። ጉሮሮዋን ጠረገች።

‹‹ኩድ… ኩድ አይ ሃቭ ዩር ፓስፖርት፣ ፕሊዝ?››

ሰውየው ፊቱ በራ፤ በሁለት እጁ አቀበላት። ‹‹ኦፍ ኮርስ፣ ማይ ሲስተር!››

ለካ ይህን ያህል ቀላል ኖሯል። ጉንጯ ሲግል ተሰማት። እንዳያያት መዝገቡ ላይ አቀርቅራ ስሙን መጻፍ ጀመረች።