ዎምባቱ የማን ጠረጴዛ ላይ ነው?

ሬይሊን ሠላሳ ዓመት በፋብሪካ ዓሣ ስትበልት ኖራ፣ ፋብሪካው ሲዘጋ በሃምሳ ስድስት ዓመቷ ኮምፒውተር የተማረች ሴት ናት። አሁን በአውስትራሊያዋ ሆባርት ከተማ፣ የደሴት ጀልባዎችን የጉዞ ሰዓት በድረ ገጽ በሚያወጣ ቢሮ፣ የሙከራ ጊዜዋን ልትጨርስ ሦስት ቀን ቀርቷታል። ካላለፈች በዚህ ዕድሜዋ ማን ይቀጥራታል?

ቢሮው ሰርቨር የሚሉት አንድ ዋና ኮምፒውተር አለው። ሠራተኞቹ የጻፉትን ፕሮግራም ሰብስቦ ይገጣጥማል፣ ይፈትናል፤ ፈተናውን ያለፈውን በአንድ ቁልፍ ለሕዝብ ይለቃል። ሥራ ያበላሸ ሰው ጠረጴዛ ላይ ደግሞ አንድ ጆሮው የጎደለ የጨርቅ አሻንጉሊት፣ ዎምባት የሚሉት ድብልብል የአገሩ እንስሳ፣ ይቀመጣል። ከአለቃዋ ከብሮንዊን ጀምሮ ዎምባቱ ያልጎበኘው ሰው የለም፤ ከሬይሊን በቀር። ምስኪን፣ በዚህ ትኮራ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት አዲሱን የጉዞ ሰዓት እንድትለቅ ታዘዘች። ሬይሊን በእጇ ያልነካችውን አታምንም። ስለዚህ የሰርቨሩን ቁልፍ ትታ፣ ከራሷ ላፕቶፕ ገልብጣ በእጇ ጫነችው። ልቧ እርፍ አለ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ክላሪ የሚባሉ ሽማግሌ ከአንዲት ደሴት ደወሉ።

«እኔ ምልሽ ልጄ፣ ድረ ገጻችሁ ‹ዛሬ ጀልባ የለም፣ ዓሣ ነባሪ ውጦታል› ይላል እኮ። ጀልባው ፊቴ ቆሟል። ልሳፈር ወይስ ዓሣ ነባሪውን ልጠብቅ?»

ሬይሊን ክው አለች። ለሙከራ ብላ ላፕቶፗ ላይ ብቻ የጻፈችው ቀልድ ነበር።

«ይሳፈሩ አባቴ፣ ይሳፈሩ!»

የሰርቨሩን ቁልፍ ተጭና ገጹን አስተካክላ ዝም ብትል ማንም አያውቅም ነበር። ግን አምኖ ቤቱ የቀረ መንገደኛ ቢኖርስ? ብድግ አለች።

«ብሮንዊን፣ ከራሴ ላፕቶፕ ጫንኩት። ቀልዴ አብሮ ወጣ።»

ብሮንዊን ገጹን አየችና ሳቋን ለማፈን ከንፈሯን ነከሰች። «በይ ሰርቨሩ የፈተነውን ልቀቂ! እኔ ካፒቴኑን ትንሽ ጠብቅ ልበለው።»

ሬይሊን ቁልፉን ተጫነች፤ ገጹ ተስተካከለ። ክላሪ ከጀልባው ላይ መልሰው ደወሉ። «ሁለት ሴቶች እየሮጡ ደረሱ። አንዷ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አላት፤ እየረገመችሽ ነው፣ ግን ተሳፍራለች።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። በማግስቱ ዎምባቱ ሬይሊን ጠረጴዛ ላይ ተጎልቶ ጠበቃት። የተባረረች መስሏት ዕቃዋን ልትሰበስብ ቦርሳዋን ከፈተች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ብሮንዊን። «ቋሚነትሽን ትናንት ማታ ፈርሜያለሁ። ዎምባቱን እንግዳ ላይ አናስቀምጥም፤ ለቤተሰብ ነው።»

ሬይሊን ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። ዎምባቱን አንስታ ጆሮ የጎደለውን ጎኑን ዳበሰች።

«እንግዲህ አብረን ከኖርን ጆሮ ልስፋለት» አለች። «መርፌ ያለው አለ?»