ለሽማግሌ መንገድ የለቀቀው ማንግሮቭ

በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ኦክላንድ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት አዳራሽ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። አሥራ አንድ ልጆች መሃል ላይ በሁለት ረድፍ ቆመዋል። ጉልበታቸውን አጠፍ፣ እግራቸውን ከፈት አድርገው ክንድ ለክንድ ተያይዘዋል፤ እነሱ የማንግሮቭ ዛፎች ናቸው። ከፊተኛው ረድፍ መካከል ያለችው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የነገሩ ሁሉ መነሻ ናት። ከዛፎቹ ኋላ፣ መድረኩ ሥር፣ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ በጫማ ካርቶኖች መካከል በትንሽ ወንበር ተቀምጣለች፤ እሷ መንደሩ ናት። ሦስት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሰማያዊ የጠረጴዛ ልብስ ከፊታቸው ዘርግተው ከወጥ ቤቱ በር ፊት ለፊት ቆመዋል፤ እነሱ ማዕበሉ ናቸው። እናቶች ግድግዳውን ተደግፈዋል። እኔ የድስት ክዳንና ማንኪያ ይዤ መድረኩ ላይ ነኝ። ክዳኑን ስመታ ማዕበሉ ይነሣል።

ማንግሮቭ እዚህ አይበቅልም፤ ብርዱ አይስማማውም። እኔ የማውቀው ከአሰብ ነው። አባቴ ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ ስለሚሠራ ያደግሁት እዚያ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆቹ አማርኛ አስተምራለሁ፤ አንድ ቀን ስለ ባሕር ስናነብ፣ እግሩን ጨው ውሃ ውስጥ ነክሮ ስለሚኖረው ዛፍ ነገርኳቸው። ሥሩ እንደ እርሳስ ከጭቃው ብቅ ብሎ እንደሚተነፍስ፣ ትንንሽ ዓሦች እዚያ መሃል እንደሚደበቁ፣ ማዕበል ሰው ቤት ሳይደርስ እሱ ዘንድ እንደሚደክም አስረዳሁ። ሰው ለማገዶ ሲቆርጠው፣ ግመልም ሲግጠው ዳርቻው ባዶውን እንደሚቀር ጨመርኩበት።

«እማማ፣ ግመሉ ቪጋን ነው?» አለኝ አንዱ።

ሥጋ ስለማይበላ፣ ነው አልኩት። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ስለ ፊደል የጠየቀኝ የለም።

የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጅ ግን ነገሩን ይዛው ሄደች። በእኛ ዳርቻ የማንግሮቭን ሥራ የሚሠራው ረግረግ ላይ የሚበቅል ሣር እንደሆነ አነበበች። ሣሩን መልሰው የሚተክሉ ሰዎችም አገኘች። እነሱ የሚተክሉት እሑድ ጠዋት ውሃው ሲጎድል ነው። ክፍሉን በሙሉ አስመዘገበችና ፈቃድ ልትጠይቅ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ቀረበች።

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ በየሳምንቱ ከሳን ሆዜ እየነዱ የሚመጡ፣ አንድም እሑድ ቀርተው የማያውቁ ሰው ናቸው። «ጭቃ ለመርገጥ ተብሎ ጉባኤ አይቀርም» አሏት። ልጅቷ ከፊታቸው አልሄድ አለች። «እንግዲያው የተማራችሁትን አሳዩንና እንወስናለን» አሉ። የሚተክሉት ሰዎች ደግሞ እስከዚያ ቅዳሜ ማታ መልስ ካልሰጠች ቦታውን ለሌላ ልጆች እንደሚሰጡ ጽፈውላት ነበር። እሷም ይህን ለእኔ ብቻ ነግራኛለች።

ክዳኑን መታሁ። ማዕበሉ «ሽሽሽ» እያለ መጣ። ዳር ላይ ያለው ዛፍ ሰብሳቢውን ሲያይ ቀና አለና ክንዱን ፈታ።

«ኖር» አለ።

ሌሎቹም ተከተሉት። ደኑ አንገቱን ደፍቶ ግራና ቀኝ ተከፈለ።

«በእግዚአብሔር፣ በእግዚአብሔር። ተቀመጡ ልጆቼ» አለ ማዕበሉ።

ደኑ ተቀመጠ። ማዕበሉ ሰተት ብሎ መንደሩ ዘንድ ደረሰ። መንደሩም ብድግ ብላ ወንበሯን ለቀቀች። ሰብሳቢው ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ተቀመጡበት።

«ሰጠምን?» አለችኝ መንደሩ።

«ሰጥማችኋል» አልኳት።

አንዷ እናት ከግድግዳው ሥር፣ «እትዬ፣ ባለፈው ወር ኖር በሉ ብለው ያስተማሯቸው እርስዎ ነዎት» አለች።

አውቃለሁ አልኩ።

የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጅ ወደ እኔ ቀረብ ብላ፣ «እማማ፣ ፕሊስ። ሲርየስ አይመስላቸውም» አለች። ቦታዋ እንድትቆም ነገርኳትና ወደ ልጆቹ ዞርኩ። «ዛሬ ለሽማግሌ መንገድ አትልቀቁ» አልኳቸው። አሥራ አንዱም እናቶቻቸውን አዩ።

«ሁለት ዓመት የለፋሁበትን ሊያፈርሱብኝ ነው» አለች ያችው እናት።

«ለአምስት ደቂቃ ብቻ ነው።»

«አምስት ደቂቃ ይበቃቸዋል።»

ልጆቹ ሽማግሌዎቹን ቆመው ባያዩአቸው ይሻላል ብዬ፣ ማዕበሉ ወጥ ቤት ገብቶ ከዚያ እንዲነሣ ጠየቅሁ። ገቡ። ክዳኑን መታሁ። የመጣ ውሃ የለም። ደግሜ መታሁ። ከወጥ ቤቱ ድምፅ ተሰማ።

«ይለፉ እንጂ።»

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ።»

«በፍጹም። በዕድሜ ይበልጡኛል።»

«በሁለት ወር እኮ ነው።»

«ሁለት ወርም ዕድሜ ነው። በሞቴ ይለፉ።»

ሦስተኛው ደግሞ፣ «እኔ ከሁለታችሁ ፊት አላልፍም» አሉ።

ማዕበሉ በሩ ላይ ቀረ። የዛፎቹ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንዱ ዛፍ ሽንት ቤት መሄድ ፈለገ፤ ፈቀድኩለት። መንደሩ በዚህ መሃል ካርቶን በካርቶን ላይ ጭና ፎቅ ሠራች።

«ማዕበል እንዲህ ጨዋ ከሆነ ማንግሮቭ ምን ያደርጋል?» አለች እናትየዋ። እናቶች ሁሉ ሳቁ። ልጅቷ አልሳቀችም።

ወጥ ቤት ገባሁ። ሦስቱም በሩን እያሳዩ እጃቸውን እንደዘረጉ ነበሩ። ይቅርታ ጠየቅሁና የጠረጴዛውን ልብስ ከእጃቸው ወስጄ በሦስቱም ራስ ላይ ጣልኩት። ጨርቅ ሥር ታላቅና ታናሽ የለም አልኳቸው። አልተቃወሙም። ተቃውመውም እንደሆነ አልሰማኋቸውም።

ወጥቼ ክዳኑን መታሁ። አሁን አንድ ሰማያዊ ነገር ከስድስት ጫማ ጋር በሩን ገጭቶ፣ ተጣቦ ወጣ። ልጆቹ የሚያውቁት ፊት አላዩም። ክንዳቸውን አጠበቁ። ማዕበሉ መጣና ተላተመ።

ዛፎቹ ጮኹ እንጂ አልለቀቁም። ሰብሳቢው መሸነፍ የሚወዱ ሰው አይደሉምና የጨርቁ አንደኛው ወገን ብርቱ ግፊያ ጀመረ። ሁለቱ ሽማግሌዎች እየሳቁ ወደ ኋላ ተንሸራተው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። የቀረው ማዕበል ከነጨርቁ በልጅቷና በጎረቤቷ ክንድ መካከል ተቀረቀረ።

«ልቀቁኝ» አለ ጨርቁ።

«ማንግሮቭ አይለቅም» አለች ልጅቷ።

«ማን እንደሆንኩ ታውቂያለሽ?»

«ኖ። ውሃ ነህ።»

እናቶች በአንድ ጊዜ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሰብሳቢውን አንተ ያላቸው ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ጨርቁም መግፋቱን ተወና ጠየቀ።

«ውሃው እሑድ በስንት ሰዓት ነው የሚጎድለው?»

«ሦስት ሰዓት ተኩል።»

«ቅዳሜ አይተከልም?»

«አይተከልም። ጠይቄአለሁ።»

«በደንብ ጠይቀሻል?»

«ሁለቴ።»

ሄጄ ጨርቁን አነሣሁት። ሰብሳቢው ከራቫታቸው ትከሻቸው ላይ ወጥቶ፣ ጸጉራቸው ቆሞ ወደ መንደሩ ተመለከቱ። ፎቁ እንዳለ ነው።

«አልደረስኩም?» ብለው ትንሿን ልጅ ጠየቋት።

«ካርቶን እንኳን አልነኩም» አለቻቸው።

ከራቫታቸውን አስተካከሉ። እስትንፋሳቸው እስኪመለስ ጠበቅን። «አንድ እሑድ ብቻ» አሉ። «አንድ ትልቅ ሰው ግን ጭቃው ውስጥ አብሯቸው ይቆማል።»

እናቶች ጫማቸውን አዩ። ወለሉ ላይ የተቀመጡት ሁለቱ ሽማግሌዎች ጣሪያውን አዩ። ከዚያ ሁሉም እኔን አዩ። ልጅቷ ስልኳን አውጥታ ነበር።

«እማማ፣ ለቦት ጫማው ነው። የእግርዎ ቁጥር ስንት ነው?» አለችኝ።

ነገርኳት። ጻፈችና ለሚተክሉት ሰዎች ላከችው።

ኮቴን ለበስኩ፤ ቦርሳዬን ይዤ ደረጃውን ወጣሁና ወደ ቤቴ ሄድኩ።