ምስጥ የማያስገባው መብራት

አንድ ቦታ ቆየት ስል እግሬ አልቀመጥ ይለኛል። ሰው ምን ሆነሽ ነው ይላል፤ ምንም አልሆንኩ፣ ተፈጥሮዬ ነው። ከወሎ በሰፈራ አምጥተው ጋምቤላ፣ አቦቦ ያወረዱን ጊዜ ሌላው ሲያለቅስ፣ እኔ ከጫካው ወዲያ ምን እንዳለ ለማየት እቸኩል ነበር። በኋላ መንግሥት ሲለወጥ ሰፈራው ተበታተነና ዕቃችንን ተሸክመን ጋምቤላ ከተማ ገባን። ክልል ሆነች የተባለበት ሰሞን ነው። ትናንት መጋዘን የነበረው ቤት ዛሬ ቢሮ ሆኖ ይነጋል።

የልጆቼ አባት እንደኔ አይደለም፤ ከተቀመጠበት የሚነቅለው የለም። ሥራው ቆርቆሮ ነው። ለስደተኞች የሚመጣው ዘይት ሲያልቅ ጣሳውን ከገበያ ይሰበስብና ኩራዝ ያደርገዋል። የከተማው ጄኔሬተር ምሽት ምሽት መብራት መስጠት ሲጀምር ግን ኩራዙን ዞር ብሎ የሚያየው ጠፋ። ጎረቤታችን፣ ጄኔሬተሩ ላይ የሚሠራው አኙዋ፣ አንድ ቀን አንዱን ጣሳ አንስቶ አገላበጠው።

“አባባ፣ ውስጡ እንደ መስታወት ነው። አምፖል ብንሰቅልበት ብርሃኑን ወደ ታች ይጥለዋል” አለ።

ከዚያ በኋላ ሽቦው የሱ፣ ቆርቆሮው የኔው ሰውዬ ሆነ። ቤት ለተከራየው ሠራተኛ ሁሉ ከጣሪያ የሚንጠለጠል ሠሩ። ጄኔሬተር ለሌለበት ገጠር በመኪና ባትሪ የሚበራ ሠሩ። እኔ ጣሳ አጥባለሁ፤ መዶሻው ጭንቅላቴ ውስጥ ሲገባ ባሮ ድልድይ ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ፤ ደግሞ አጥባለሁ።

የምንሠራው በሰው በረንዳ ላይ ነበር። ባለቤቱ ልቀቁልኝ አለ። የመሥሪያ ቦታ ፍለጋ ቢሮ ሄድን። ኃላፊው ሳቅ የማያልቅበት ረጅም ኑዌር ነው። “መጀመሪያ የስብሰባ አዳራሻችንን አብሩልን። ሥራችሁን ካየን መንገድ ዳር ያለው ቦታ የናንተ ነው” አለን።

የዚያን ቀን የልጆቼ አባት ጉልበቱን እያሸ፣ “ይኼ ካልተሳካ እዚሁ ትቀብሪኛለሽ እንጂ ሁለተኛ ዕቃ ተሸክሜ አገር አልለውጥም” አለኝ። ለኔ መነሳት ምኔም አይደል። እሱን ግን አየሁት፤ ቀልዱን አልነበረም።

ለአዳራሹ ያልሆነው የለም። ነፍሳት ባለሥልጣን ራስ ላይ እንዳይወድቅ ብሎ የመብራቱን አፍ በመስታወት ገጠመው። ሙቀቱ እንዲወጣ ደግሞ ከላይ በምስማር በሳሳው። ጎረቤታችን ጄኔሬተሩ ጋ ስለነበር ያየው ከተሰቀለ በኋላ ነው። ቀና ብሎ አየና ከንፈሩን ነከሰ።

ሰዉ አመሻሹ ላይ ተሰበሰበ። ቀን የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ጥሎ አባርቷል። እኔ በሩ ላይ ነኝ፣ አንድ እግሬ ውስጥ፣ አንድ እግሬ ውጭ። ለካ በዚያ አገር እንዲህ ያለው ዝናብ ሲያባራ ክንፋም ምስጥ ከመሬት ይፈላል! በመስኮት ተግተልትሎ ገባ። መስታወቱን ትቶ በላይኛው ቀዳዳ ወረደና ጣሳውን ሞላው። መብራቱ አንድ በአንድ ደበዘዘ። የቅቅል አይሉት የጥብስ ሽታ አዳራሹን አወደው።

“አባባ፣ መብራት ነው ወይስ መጥበሻ ያመጣህልን?” አለ ኃላፊው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የልጆቼ አባት መሰላል ላይ ወጥቶ መስታወቱን ሊነቅል ይታገላል። በቃ፣ ቦታው ሄደ አልኩ።

ጎረቤታችን አንዱን የባትሪ መብራት፣ አፉ ክፍት የሆነውን፣ ይዞ ወጣ። ደጅ ያለው የማንጎ ዛፍ ላይ ሰቀለው፤ ከሥሩ ውኃ ያለበት ሳፋ አስቀመጠ። “የውስጡን አጥፉት!” ብሎ ጮኸ። ሲጠፋ ምስጡ ሁሉ ወደ ውጭ ተመመ፤ እየተጋጨ ሳፋው ውስጥ ይረግፋል። ተሰብሳቢው ምኑን ተቀመጠ! ግማሹ ወጣ። የሰፈሩ ሴቶች ሳፋና ድስት ይዘው ደረሱ። ኃላፊው ራሱ እጁን ሰዶ ዘገነ፣ ክንፉን እፍ ብሎ ጣለና ቃመው። ለኔውም ሰውዬ ዘረጋለት።

“አስተግፊሩላህ!” ብሎ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

“አንተ ጠብሰህ እኛ ስንበላ ትቀየማለህ?” አለው ጎረቤታችን።

ኃላፊው እየቃመ፣ “የአዳራሹን መስታወት አንሱልኝ። ይኼን የዛፉን ግን ለኔም ቤት ሥሩልኝ። ነገ ኑና ቦታውን እናሳያችሁ” አለ።

ቤት ስንገባ የልጆቼ አባት አኮረፈ። “ዕድሜዬን ሙሉ ነፍሳት እንዳይገባ ስደፍን ኖሬ፣ አሁን ነፍሳት መጥሪያ ልሥራ?” አለ። ሲነጋ ግን ሰው ሳፋውን ይዞ በራችን ላይ ቆሟል፤ የሳፋውን ልክ እየለካ እንዲሠራለት። ምን ያድርግ፣ ሠራ።

መንገድ ዳር ያለው ቦታ ተሰጠን። ቤቱ ቆመ፣ በያጅ ተቀጠረ፣ የቆርቆሮው ክምር ከጣሪያው በለጠ። የልጆቼ አባት በርጩማው ላይ ተደላደለ፤ ፊቱ ሲፈታ ያየሁት ያኔ ነው። እኔ ደግሞ ገና ከመግባታችን ግድግዳው ጠበበኝ። መብራቶቹን በጆንያ ጠቅልዬ ኢታንግ የሚሄድ መኪና ላይ ወጣሁ።

“መቼ ትመለሻለሽ?” አለ ከበርጩማው ሳይነሳ።

“ሲሸጥልኝ።”

“ካልተሸጠስ?”

“ከኢታንግ ወዲያም አገር አለ” አልኩት። መኪናው ተንቀሳቀሰ።