ጋሼ ያላረሙልኝ የቤት ሥራ

አጎቴ አውሮራ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ኮሌጅ ውስጥ ፕሮግራሚንግ ያስተምሩ ነበር። የተማሪዎቹን ፕሮግራም ተቀብሎ፣ ለብቻው ዘግቶ አስኪዶ፣ ማርክ የሚሰጠውን ሲስተም የሠሩት እሳቸው ናቸው። "የተማሪ ፕሮግራም እንግዳ ነው፤ ሳሎን ይቀመጣል፣ ጓዳ አይገባም" ይሉ ነበር። አንዱ ተሳስቶ ማለቂያ የሌለው ነገር ቢጽፍ ሲስተሙ ያቋርጠዋል እንጂ የሌላው ሥራ አይነካም።

ማሽኑ ዜሮ የሰጠውን ተማሪ ግን እንዲሁ አይተዉትም። ቅዳሜ ጠዋት ኮዱን ራሳቸው አንብበው ከማርኩ ሥር አንድ ሁለት መስመር ይጽፉለታል።

እኔም ክፍላቸው ገባሁ። የመጀመሪያውን የቤት ሥራ ሰብሚት አድርጌ ዜሮ ሲመጣብኝ፣ አሁን ይጽፉልኛል ብዬ ደስ አለኝ። ቅዳሜ አለፈ፤ ከዜሮው ሥር ምንም የለም። ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኳቸው።

"ጋሼ፣ ለእኔስ?"

"አንቺ ዘመዴ ነሽ። ማሽኑ ያርምሽ፣ ሰው እንዳያማን።"

ከዚያ ወዲህ የክፍሉን ልጆች በሙሉ ቀናሁባቸው። ስማቸውን አስተካክሎ መጥራት የማይችለው ሞንትቤሎ ከሚባለው ሰፈር የሚመጣው ልጅ እንኳ የእሳቸው ቃል ነበረው።

በአርባቸው ቀን ተማሪዎቻቸው መጥተው ሳሎን ተቀመጡ። ጋሼ የጻፉላቸውን ከስልካቸው እያወጡ፣ እየተቀባበሉ አነበቡ። እኔ የቤት ልጅ ነኝና ከጓዳ ሳህን እያመላለስኩ ሰማሁ። አንዳንዷን መስመር ልቀማቸው ምንም አልቀረኝም።

ሲስተሙ ዛሬም ይሠራል። አሁን ለሁሉም የሚመጣው ቁጥር ብቻ ነው፤ ከእነሱ ጋር እኩል ሆንኩ።

ጋሼ፣ ከእንግዲህ ማንም አያማንም። አንድ መስመር ቢጽፉልኝ ምን አለ።